የመስከረም ጠበኞች

በኮምቦልቻ ሴት ከሴት ስትገናኝ «እንዴት አደርሽ» መባባል ከቀረ ቆይቷል። ሰላምታው «ስንተኛሽ ነው?» ሆኗል። የተጠየቀችው «ስምንተኛዬ» ወይም «ሃያ አንደኛዬ» ትላለች፤ ጠያቂዋ «ይቅናሽ» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች። መጀመሪያ ላይ የሚያፍሩ ነበሩ ይባላል። በ2098 ዓ.ም. ግን የሚያፍሩት አርጅተዋል፤ የቀሩት ለምደውታል።

ለደብሪቱ የሰው ቀን መቁጠር እንጀራዋ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተራ አስያዥ ናት፤ ሁለት መቶ አርባ ሴቶች በስንተኛ ቀናቸው የትኛው ማሽን ላይ እንደሚቆሙ የምትመድበው እሷ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቁጭ ብሎ ክር መቋጨት፣ ከስድስተኛው እስከ አስራ ሦስተኛው ከባዱ ማሽን፣ ከሃያ አምስተኛው በኋላ ደግሞ ከአለቃ ጋር ፊት ለፊት የማያገናኝ ሥራ። ይህን የመጨረሻውን መመሪያ ያወጣው ወንድ መሆኑን ለማወቅ ፊርማውን ማየት አያስፈልግም።

ቆጠራው የሚጀምረው ከመኖሪያ ቤት ነው። በየኮንዶሚኒየሙ መግቢያ፣ ከመብራት ቆጣሪዎቹ ጎን፣ አንድ ግራጫ ሣጥን ተሰቅሏል። ሴቲቱ ደሟ በመጣ ዕለት የመጀመሪያውን ሞዴስ ጠቅልላ እዚያ ትከትና አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። ሣጥኑ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ተመዝግቧል፤ ቀን አንድ» ይላል። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩ የሣጥኑ ነው። ቆሻሻ ሊጥል የወረደ ጎረቤት፣ ሣጥኑ ፊት የቆመች ሴት ካገኘ፣ ድምፁ እስኪያበቃ ደረጃው ላይ ቆም ይላል። ጨዋነት ማለት ይኼ ሆኗል።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ያው ድምፅ ስልክ ይደውላል። «ነገ አስራ ዘጠነኛ ቀንዎ ነው፤ ለልኬት ይቅረቡ።» የተጠራችው ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትተኛለች፤ በቀጭን ቱቦ ከማህፀኗ ግድግዳ የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ይወሰዳል፤ በውስጧ ያሉት ህዋሳት ይቆጠራሉ። ሰነዱ «ገዳይ ህዋስ» ይላቸዋል። ሕዝቡ ግን ዘበኞች ነው የሚላቸው። ዘበኞቿ ከተወሰነው ቁጥር ያለፉባት ሴት ቀይ ወረቀት ይሰጣታል፤ ወረቀቱ ላይ «ጠበኛ» የሚል ተጽፏል፤ ፅንስ ቢመጣ የሚያባርር ማህፀን ማለት ነው። ጠበኛ ማብረጃ መርፌ ትወስዳለች። አልወስድም ካለች ስሟ ከወላዶች መዝገብ ይሰረዛል፤ መዝገብ ላይ የሌለችን ሴት ደግሞ የትም ብትሄድ የሚያዋልዳት የለም። መንግሥት ይህን ያህል የተጨነቀው በከንቱ አይደለም፤ በከተማው ካሉት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግማሾቹ ልጅ አጥተው የጨርቅ መጋዘን ሆነዋል።

መስከረም 12 ቀን ደብሪቱ ቀይ ወረቀት ደረሳት።

ኮሪደሩ ማዶ የምትኖረው ዘሀራም በዚያው ቀን ደረሳት። የሁለቱ ደም ከተገጣጠመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ነሐሴ 22 አብረው ሣጥኑ ፊት ቆሙ፣ መስከረም 10 አብረው ለልኬት ተጠሩ። ዘሀራ በፋብሪካው ፈጣኗ ሸማኔ ናት፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስምንት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ኖራለች፤ መዝገቡ ደግሞ በሠላሳ ስምንት ይዘጋል። ወረቀቱን አንብባ እንደ መሳቅ አለች።

«ቅቤ ነው አሉ በሬዲዮ። በመስከረም የጠበኛ ቁጥር የሚጨምረው የበዓል ቅቤ ደም ስለሚያሞቅ ነው አሉ።»

«አንቺ እኮ የቅቤ ሽታ ያቅለሸልሽሻል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቀምሰሽ አታውቂም።»

«ሽታው ይሆናል የገባብኝ» አለች ዘሀራ። «አብሽሪ ደብሪቱ። መስከረም 15 አብረን እንሄዳለን፤ አንድ መርፌ ናት። ወስደው የወለዱ አሉ።»

ደብሪቱ ቀይ ወረቀቷን በአራት አጠፈችው። ወስደው የወለዱትን ስም መጥራት ቢጠበቅባት አንድም ስም አይመጣላትም ነበር። ያልወለዱትን ግን በተራ ታውቃቸዋለች። ባለፈው ዓመት መስከረም ከፎቋ አስራ አንድ ሴቶች መርፌውን ወስደዋል። ስምንቱ አልፀነሱም። ሁለቱ ገና በጅምሩ ወረደባቸው። አንዷ አምስት ወር አድርሳ ማሽኑ ሥር ደም ፈሰሳት፤ ወለሉን ያጠቡት ሴቶች እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አያወሩም። ደብሪቱ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ካገባች አራት ዓመቷ። ልጅ ትፈልጋለች፤ ስትፈልግ ደግሞ እንደ ማንም ሴት ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ያንን መርፌ ፈራችው።

በማግሥቱ ጠዋት ፋብሪካ ገብታ የመስከረምን ተራ ለማውጣት የሣጥኑን ዝርዝር ከፈተች። እንደ ልማዷም በእያንዳንዷ ሴት ቀን ላይ አምስት ጨመረች። ይህን ያስተማረቻት ከእሷ በፊት የነበረችው ተራ አስያዥ ናት። «መስከረም ሲገባ አምስት ጨምሪ፣ አለዚያ ደም የያዛትን ሴት ከባድ ማሽን ላይ ታቆሚያታለሽ» ብላት ነበር። ደብሪቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስድስት ዓመት ሙሉ እጇ ሲጨምር ጭንቅላቷ ሌላ ነገር ያስብ ነበር።

የዘሀራ ስም ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሣጥኑ ሃያ ሁለት ይላል። አምስት ሲጨመር ሃያ ሰባት። በጣቶቿ ቆጠረች፤ ከነሐሴ 22 እስከ ነሐሴ 30 ዘጠኝ ቀን። የጳጉሜ አምስት። ከመስከረም 1 እስከ 13 አስራ ሦስት። ሃያ ሰባት! ሣጥኑ ከነሐሴ 30 በቀጥታ ወደ መስከረም 1 ዘሏል። ጳጉሜ የሚባል ወር አያውቅም። እንግዲያው መስከረም 10 ለልኬት ስትተኛ አስራ ዘጠነኛ ቀኗ ሳይሆን ሃያ አራተኛዋ ነበር።

ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ። ደስታ ነው ወይስ ንዴት የተሰማት እሷም አልለየችውም።

በምሳ ሰዓት ጤና ጣቢያ ሄደች። ልኬቱን የሚሠሩት ሲስተር አልጋነሽ ጡረታቸው ደርሶ የሚተካቸው ጠፍቶ የቀሩ ሴት ናቸው። ምሳቸውን በፌስታል ይዘው ማይክሮስኮፑ አጠገብ ይበሉ ነበር። ደብሪቱ ቆጠራውን ስታስረዳቸው ማላመጣቸውን አላቆሙም።

«ታውቁት ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ልጄ፣ እኔ የማየው ግድግዳውን ነው። የሃያ አራት ቀን ግድግዳና የአስራ ዘጠኝ ቀን ግድግዳ የሽማግሌና የጎረምሳ ፊት ያህል ይለያያሉ። ያንቺን ሳየው ሃያ አራት መሆኑን አውቄያለሁ። የእኔ ሥራ ግን ቁጥሩን መጻፍ ነው፤ ቀኑን የሚጽፈው ሣጥኑ ነው።»

«እና የእኔ ዘበኞች በዝተዋል ወይስ አልበዙም?»

«በልክ ናቸው። ስሚኝ» አሉና እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። «በወሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ናቸው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው እየተባዙ ግድግዳውን የሚሞሉት። በአስራ ዘጠነኛው ቀን ሞልተው ቢገኙ ግር ይላል፤ በሃያ አራተኛው ባይሞሉ ነበር የሚገርመኝ። እንግዳ ካልመጣ ከደሙ ጋር ወጥተው ይሄዳሉ፤ በሚቀጥለው ወር አዲስ ይተካል። እንግዳ ከመጣ ግን ይቆያሉ። የእናትየውን የደም ሥር እያሰፉ ለፅንሱ መንገድ የሚጠርጉለት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ገዳይ ለምን ተባሉ?»

«ደም ውስጥ የሚዞሩት ዘመዶቻቸው በሽታ ይገድላሉ። የማህፀኖቹ ስሙን ወረሱ እንጂ ጠባዩን አልወረሱም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ደግሞ ያነበቡት ስሙን ነው።»

«መርፌውስ?»

ሲስተር አልጋነሽ ፌስታላቸውን ቋጠሩት። «መርፌው ዘበኞቹን ያባርራል። አንዳንዷ ጋ ከዓመታት በኋላ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ጋ አይመለሱም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወረዳ ሂጂ። አቶ ይመርን ጠይቂ። እኔ ልኬሻለሁ እንዳትዪ» አሏት።

አቶ ይመር የወረዳው ልኬት ኃላፊ ናቸው። ደብሪቱ መስከረም 14 ጠዋት በራቸው ላይ ስትደርስ ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ገባች። ረጅም፣ ረጋ ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሰው ናቸው። አዳምጠዋት ሲያበቁ ልትከራከር የተዘጋጀችበትን ነገር ሁሉ ባንድ ቃል አፈረሱባት።

«ትክክል ነሽ።»

እንድትቀመጥም ወንበር ጠቆሟት።

«ሣጥኑን ያሠሩት ሰዎች የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ መዝገብ ነበር ለባለሙያዎቹ የሰጧቸው። የደመወዝ መዝገብ ደግሞ አስራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜ ላይ ሁላችንም በነፃ ነው የምንሠራው፤ ለሣጥኑም ወር አልመሰለውም።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ከታወቀ ለምን አይስተካከልም?»

«ተስተካክሎ ምን ሊባል ነው? በዚህ ወረዳ ብቻ በመስከረም ጠበኛ ተብለው መርፌ የወሰዱ ስድስት ሺህ ሴቶች አሉ። ለስድስት ሺህ ሴት ምን ብዬ ልጻፍ? ‹ይቅርታ፣ ቅቤው አልነበረም› ልበል?» ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ባለቤቴ የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ወስዳለች። በመስከረም ነው። ልጅ የለንም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅቤ በአፏ ዞሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ ይህንን ወንበር ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ፋይሉን ያየሁትም ያኔ ነው። ልንገራት?»

ደብሪቱ ለሰውየው አዘነች። ማዘኗ ራሱ አስጠላት።

«የግል ማስተካከያ የሚባል ነገር አለ» አሉ አቶ ይመር፣ ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ እያወጡ። «የልኬት ቀንሽ ሃያ አራተኛ ተብሎ ይጻፋል፤ ቀዩ ወረቀት ይቀደዳል፤ መዝገብ ላይ ትቆያለሽ። አንቺ በበኩልሽ ስህተቱ ያንቺ ብቻ እንደነበረ፣ ስለ ሌላ ሰው ቀን ምንም እንደማታውቂ ትፈርሚያለሽ። ከፈረምሽ በኋላ ብትናገሪ ማስተካከያው ይሻራል።»

«ካልፈረምኩስ?»

«አቤቱታሽ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው በዓመት አንዴ ይሰበሰባል። የነገው ቀጠሮሽ ግን እንደጸና ነው።»

«ጓደኛዬ አለች። ዘሀራ ሰይድ። በአንድ ቀን ነው የመጣልን፤ በአንድ ቀን ነው የተለካነው። ለእሷም ይኼንኑ—»

«እህቴ» አሉ፣ በጣም በትሕትና። «አንድ ሰው ሲሆን ስህተት ይባላል። ሁለት ሲሆን ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄ መቀበል የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

ደብሪቱ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የፋብሪካዋን ወለል አሰበች፤ ያቺ አምስት ወር ያደረሰች ሴት የተቀመጠችበትን ማሽን አሰበች። ስለ ዘሀራም አሰበች። አሰበች፣ ግን ፈረመች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ምስጋናው ከሥራ ገብቶ ልብሱን እየቀየረ ነበር። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ጣቶቹ ግሪስ አይለቃቸውም። በቀዩ ፋንታ ከወረዳ የተሰጣትን አረንጓዴ ወረቀት ስታሳየው በዚያ እጁ ፊቷን ያዛትና ግንባሯን ሳማት። የተደሰተው ከልቡ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልበላም ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ለባል መንገር እንደ መናገር አይቆጠርም ብላ ነው፤ በቅጹ ላይ ባል የሚል ቃል አልተጻፈም። ስትጨርስ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ዘሀራስ?»

«ቀስ በል፣ ግድግዳው ስስ ነው።»

«ደብሪቱ፣ ዘሀራስ?»

«ብነግራት እምቢ ትላለች። እምቢ ካለች ከመዝገቡ ትሰረዛለች። ለምን እምቢ አልሽ ተብላ ስትጠየቅ ደግሞ የማንን ስም ትጠራለች?» አለችው። በደንብ የታሰበበት መልስ ነበር፤ ከወረዳ እስከ ቤት ድረስ ያዘጋጀችው። ምስጋናው እጁን ሊታጠብ ሄደ፤ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ታጠበ።

መስከረም 15 ንጋት ላይ የደብሪቱ ደም መጣ። ልክ በቀኑ፣ ሳያዛንፍ። ሞዴሷን ጠቅልላ ከቦርሳዋ ሥር ከተተች። ጫማዋን እያሰረች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዘሀራ ናት፤ ሻሿን አስራ፣ ለሠርግ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ፤ በእጇ ግን የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፤ ፊቷም ልክ አልነበረም።

«መጣብኝ» አለች። «ገና አምስት ቀን ይቀረው ነበር እኮ። መጣብኝ።»

አብረው ወረዱ። ዘሀራ ጥቅሉን ከትታ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ሣጥኑ አጉረመረመና በዚያ ለስላሳ ድምፅ «ተመዝግቧል። ያለቀኑ። አምስት ቀን ቀድሟል። የጠብ ምልክት» አለ።

«አየሽ?» አለች ዘሀራ። ከሦስት ቀን በፊት ስትስቅበት በነበረው ወረቀት አሁን አልሳቀችም። «እኔ እኮ በልቤ ተሳስተው ይሆናል እያልኩ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ዱዓ ሳደርግ ነው ያደርኩት፤ ተሳስተው በሆነ እያልኩ። ለካስ እውነት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የማባርረው ራሴ ነኝ።»

ደብሪቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። ቀኑ ነው፣ አንድ ቀን አልቀደመም፣ ሰውነትሽ ከሣጥኑ የተሻለ ይቆጥራል ልትላት። ከአፏ የወጣው ግን «ነይ፣ እንዳይረፍድ» የሚል ነበር። ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ የራሷን ብትከት ሣጥኑ ዘሀራ እየሰማች «በቀኑ» ይል ነበርና አልከተተችም።

መንገድ ላይ ዘሀራ «ያንቺስ? አብረን አይደለም እንዴ?» አለቻት።

«የእኔ ቀጠሮ ተላለፈ።»

«እስከ መቼ?»

«አልነገሩኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘሀራ፣ ከልቧ። «ቢያንስ ምስክር ፍለጋ አልንከራተትም። አንቺ አለሽልኝ።»

ምስክር ግዴታ ነው። ማብረጃ የምትወስድ ሴት ቀኗን የምታውቅ ሌላ ሴት ይዛ ትመጣለች። በዚህ አገር ያለ ሁለተኛ ሰው አውራ ጣት ምን ተፈጽሞ ያውቃል። የጤና ጣቢያው ኮሪደር በሴቶች ሞልቷል፤ የመስከረም ሰልፍ ሁልጊዜ ረጅም ነው። ሰልፈኞቹ ስለ ዶሮና ስለ ቅቤ እያነሱ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ አንዷ ለበዓል አንድ ማንኪያ ብቻ እንደጨመረች እየማለች ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው መዝጋቢ ቀና ሳትል አነበበች። «ዘሀራ ሰይድ። ሃያ አራተኛ ቀን። ደም ያለቀኑ መጥቷል።» ከዚያ ወደ ደብሪቱ ዞረች። «ዛሬ ሃያ አራተኛ ቀኗ ለመሆኑ ምስክር ነሽ?»

ደብሪቱ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። መዝጋቢዋ ቀና አለች።

«እሷ ቀን አትስትም» አለች ዘሀራ፣ ልትረዳት። ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «ፋብሪካው ሁሉ በእሷ ነው የሚቆጥረው። ጠይቂያት ብቻ።»

ደብሪቱ የዘሀራን እጅ ሙቀት ትከሻዋ ላይ ይሰማታል። እውነተኛው ቀን ሃያ ዘጠኝ፣ ወይም ደሟ ስለመጣ አንድ ነው፤ ሌላ ቁጥር የለም። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት አፍራ አታውቅም፤ ፍርሃቷ ግን ከሐፍረቷ ይበልጥ ነበር።

«ነኝ» አለች፤ አውራ ጣቷንም መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

ዘሀራ ጫማዋን አውልቃ አስያዘቻት። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች፣ «እንዳትሄጂ እሺ?»

«አልሄድም።»

በሩ ተዘጋ። ደብሪቱ ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ከሰልፉ አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ቀይ ወረቀቷን አጣጥፋ እንደያዘች፣ ጎንበስ አለችላት።

«እህቴ፣ ይቅርታ። ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ ምስክር አላመጣሁም። አንቺ ቀን ታውቂያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ለእኔም ትመሰክሪልኛለሽ?»

መዝጋቢዋ ከመስኮቱ ወደ እነሱ እያየች ነበር። ደብሪቱ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች።